የአዲስ አበባ ቀላል ባቡሮች፦ አመጣጣቸውና አገልግሎታቸው

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርት ነው። ሥራ የጀመረው 41 ባቡሮችን ይዞ ነው። ስለ ሃዲዱ፣ ስለ ድልድዮቹና ስለ ብድሩ ብዙ ተጽፏል። ስለ ባቡሮቹ ራሳቸው የተጻፈው ግን እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በእነሱ ላይ ነው።

ባቡር ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጅቡቲ መስመር ለገሃር የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ያ ግን አገር አቋራጭ ነው። ከሰፈር ሰፈር የሚሄደው ነዋሪ ለረጅም ጊዜ የተማመነው በአንበሳ አውቶቡስና በታክሲ ነው።

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዶ/ር ጌታቸው በትሩ በሚመራበት ጊዜ የቀላል ባቡሩ ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ተቋራጩ ሲ.አር.ኢ.ሲ. የተባለው የቻይና የግንባታ ኩባንያ ሲሆን፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። 85 በመቶው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። መንገድ ተቆፈረ፣ ትራፊኩ ተጨናነቀ፣ ነዋሪውም አቧራውን ችሎ ጠበቀ። በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለሥራው ሲባል ከአደባባዩ ተነሣ። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የተገደሉ አባት መታሰቢያ ነውና ብዙ ሰው ሰጋ። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ባቡሩም እዚያ አካባቢ በመሬት ውስጥ ያልፋል።

ባቡሮቹን የሠራው በቻይናዋ ቻንግቹን ከተማ የሚገኘው ሲ.ኤን.አር. የተባለው ባቡር ሠሪ ኩባንያ ፋብሪካ ነው። ከቻይና በመርከብ ጅቡቲ ደረሱ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ያን ጊዜ ገና አላለቀም። ስለዚህ በሃዲድ ላይ ሊሮጡ የተሠሩት ባቡሮች ከወደብ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በተሳቢ መኪና ተጭነው፣ በአስፋልት ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ድረስ እንዲህ ያለ ጭነት ማምጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ላመጡት ሾፌሮች ምስጋና ይገባቸዋል።

እያንዳንዱ ባቡር ተያይዘው የሚተጣጠፉ ሦስት ክፍሎች አሉት። በሁለቱም ጫፍ የአሽከርካሪ ክፍል ስላለው መጨረሻ ጣቢያ ደርሶ መዞር አያስፈልገውም፤ አሽከርካሪው ጫፍ ቀይሮ ይመለሳል። ከወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ያለ ነው። ይህ ለአረጋውያን፣ ሕፃን ላዘሉ እናቶችና ዕቃ ለያዙ ተሳፋሪዎች ትልቅ ነገር ነው። ወርዱ 2.65 ሜትር ሲሆን፣ ተቀማጭና ቋሚ ሲደመር ከ250 ሰው በላይ ይይዛል። በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይሠራል። ኃይሉን የሚያገኘው ጣሪያው ላይ ባለው ክንድ አማካኝነት ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣቢያዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ባቡሮቹ አረንጓዴ በነጭና ሰማያዊ በነጭ የተቀቡ ናቸው። በከተማዋ ላይ ደስ የሚል ቀለም ጨምረዋል።

የሙከራ ጉዞው በጥር 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መንገደኛ ሳይጭኑ ሲመላለሱ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከፈተ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን ተከተለ። ሁለቱ በድምሩ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት አምስት ጣቢያዎች የጋራ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 41 ወራት ሥራውን እንዲያስኬዱ ውል የገቡት የቻይናው የከተማ ባቡር ድርጅት ሼንዘን ሜትሮና ሲ.አር.ኢ.ሲ. ሲሆኑ፣ ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎችና ቴክኒሻኖች ሠለጠኑ። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ትኬት የሚቆረጠው ጣቢያዎቹ አጠገብ ካሉ ትናንሽ ኪዮስኮች ነው። ርካሽ ስለነበረ ከመጀመሪያው ሰሞን አንሥቶ ባቡሮቹ ጢም ብለው ይሞሉ ነበር።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ብዙ ጊዜ «ከሰሃራ በታች የመጀመሪያው» ይባላል። ጆሃንስበርግ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጋውትሬን የተባለ ፈጣን ባቡር ስላላት አንዳንዶች ይህን አይቀበሉም። ጋውትሬን ግን ቀላል ባቡር አይደለም። በዘመናዊ ቀላል ባቡር ከተባለ አዲስ አበባ ቀዳሚ ናት።

ሃዲዱን ከግራና ከቀኝ የከለለው አጥር ጉዳይም ያከራክራል። በተለይ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መንገድ ሃዲዱ በአስፋልቱ መሐል ስለሚያልፍ እግረኛ ለመሻገር ሩቅ መዞር አለበት የሚል ቅሬታ አለ። በሌላ በኩል አጥሩ አደጋ ቀንሷል የሚሉም አሉ።

ከመጀመሪያው ሰሞን ወዲህ ያለው ጊዜ ለባቡሮቹ ከባድ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ መንገድ ላይ የቆሙባቸው ቀናት ነበሩ። ዋናው ችግር ግን መለዋወጫ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ገቢው ግን የጥቂት ብር ትኬት ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ የተበላሸው ባቡር ሳይጠገን ይቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ41ዱ አብዛኞቹ ከአገልግሎት ወጥተው በቃሊቲና በአያት ዴፖዎች (የባቡር ማቆሚያና መጠገኛ ቦታዎች) ቆሙ። የሚሠራ ባቡር ሲያንስ በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ጣቢያ ላይ ያለው ሰልፍም እንዲሁ። መጀመሪያ ላይ ታስቦ የነበረው በየስድስት ደቂቃው አንድ ባቡር እንዲመጣ ነው። ሃዲዱ፣ ድልድዩና ጣቢያው ዛሬም አሉ። ወደዚያ ዕቅድ ለመመለስ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለቆሙት ባቡሮች የመለዋወጫ በጀት ነው።