ጫና፣ ሽሚያና መደጋገፍ በጎጃም ምድር

የጎጃም ምድር ዓባይ በረሃ ላይ ከ1,000 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች የሚፈትነው ሙቀትና የውኃ እጥረት ነው፤ ላይ ብርድና ውርጭ። መሐል ያለው ወይና ደጋና ደጋ ዝናብ አያንሰውም፤ ዝናቡ ግን አፈሩን እያጠበ በብዙ ቦታ አሲዳማ አድርጎታል። ጎን ለጎን የበቀሉ ዕፅዋት መሻማታቸውም ሆነ መደጋገፋቸው በአብዛኛው የሚወሰነው ከእነዚህ ጫናዎች የትኛው እንደበረታ ነው።

ሐሳቡን መልክ ያስያዙት እ.ኤ.አ. በ1994 ማርክ በርትነስና ራጋን ካላዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ኑሮ በተመቸበት ቦታ ዕፅዋት በብርሃንና በምግብ ይሻማሉ፤ ጫናው ሲከፋ ግን የጎረቤት መጠለያነት ከሽሚያው ጉዳት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች ተራሮች ላይ የተክሎችን ጎረቤት እየነቀለ ፈትኖታል፤ ዝቅ ባለው ቦታ የቀረው ተክል ተስፋፋ፣ በከፍታው ግን ተጎዳ።

ጮቄ ላይ ነገሩ ለዓይን ቅርብ ነው። በበጋ ሌሊት በገላጣው አፈር ውስጥ ያለው እርጥበት በርዶ እንደ መርፌ ይቆምና አፈሩን ከነቡቃያው ወደ ላይ ያነሣዋል። ረፋዱ ላይ ሲቀልጥ ቡቃያው ሥሩ ተበጥሶ ጋደም ይላል። ጓሳ ሣር ወይም አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሥር ግን ሽፋኑና የደረቀው ቅጠል ቅዝቃዜውን ስለሚመክቱ አፈሩ እንዲህ አይነሣም። ጓሳው ተመንጥሮ ገብስና ድንች ሲዘራበት የኖረ ተዳፋት ቢተውም ቶሎ የማያገግምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጫና ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ብርድን፣ ነፋስንና የሚያቃጥል ፀሐይን ጎረቤት ይከልላል፤ ከልሎም የሚጎድልበት ነገር የለም። ውኃ ግን ይጠጣል፣ ያልቃል። ጥላው ከትነት የሚያድነው እርጥበት ሥሩ ከሚጠጣው ካነሰ፣ ጥላ ሰጪው ራሱ ባላንጣ ይሆናል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረጉ ሙከራዎች የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ከገላጣው የተሻለ የመትረፍ ዕድል ነበረው። ስለዚህ ለችግኝ ተከላ ብሎ ቁጥቋጦውን ሁሉ መመንጠር ድካሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ግን የሚያጠራጥር ልማድ ነው።

ከሰብሎች መካከል ጫናን ወደ ጥቅም በመለወጥ የጎጃሙን ግብጦ የሚያህል ጥቂት ነው። የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥርን ጫፍ ያቀጭጫል፤ ፎስፎረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ይታሰራል። ግብጦ ፎስፎረስ ሲርበው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ አጫጭር ሥሮች ያወጣና ሲትሬት ይለቃል፤ ሎሚን የሚያኮመጥጠው የሲትሪክ አሲድ ዘር ነው። ሲትሬቱ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ሲይዝ ፎስፎረሱ ይፈታል። ሥሩ ከግብጦ ሥር ጋር የተጠላለፈ ስንዴ ከዚህ ይቃመሳል፤ በመካከላቸው ግድግዳ ከገባ ግን ምንም አያገኝም።

ስለዚህ አሰባጥሮ የሚዘራ ሰው ሁለቱን አራርቆ ከዘራ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ግብጦውን ካበዛውም እህሉ በጥላ ይቀጭጫል። ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ በብዛት ከተሰጠ ግብጦ ብሩሽ መሳይ ሥሩን ማውጣቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ውኃና ብርሃን የሚሻማ ተራ ጎረቤት ነው። ኖራ በብዛት የተበተነበት መሬትም አይስማማውም። ግብጦ ሥሩ ላይ ባለ እባጭ ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳል፤ ይህን እያደረገ መሆኑን ለማወቅ አንድ ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አንሥቶ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ይበቃል፦ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይደለም። (መራራነቱ ከከብት ስለሚጠብቀው አጥር አያሻውም፤ ሰውም ቢሆን ለቀናት ሳይዘፈዝፍ አይበላውም።)

አዊ ውስጥ ዲከረንስ ከተባለው የግራር ዘመድ ዛፍ ጋር የሚዘራው ጤፍ ደግሞ መደጋገፉ ዕድሜ እንዳለው ያሳያል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉና ችግኙ አብረው ይኖራሉ፤ ለጤፉ የሚደረገው እርሻና አረም ለችግኙም ይተርፋል። ዛፉ ቅርንጫፉን ሲያገናኝ ከሥሩ እህል አይበቅልም። ተጠጋግቶ የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ለበሽታም ምቹ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ፈንገስ ብዙውን ጎድቶታል።

ቆላው ላይ አቀንጭራ አለ፤ የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው። ማሽላና በቆሎ ፎስፎረስ ሲያጡ ሥራቸው ስትራይጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ፎስፎረስ የሚያመጣላቸውን ፈንገስ መጥሪያ ነው። ለወዳጅ የተላከውን ጥሪ ሌባም ይሰማዋል፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ መቆየት የሚችለው የአቀንጭራ ዘር በዚሁ ምልክት ነቅቶ ከሥሩ ይጣበቃል። የተራበ መሬት በአቀንጭራ የሚጠቃው በዚህ ነው፤ ማዳበሪያና ፍግ ጥሪውን ይቀንሱታል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ የዘንድሮው ጉዳት አብዛኛው ደርሷል፤ የሚነቀለው ለከርሞ ነው። አኩሪ አተር ማፈራረቅ የሚረዳው ዘሩን አንቅቶ የሚጣበቅበት ሥር ስለሚነሣው ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ስለሚያፈራ፣ ነቀላው ከማበቡ በፊት መሆን አለበት፤ አብቦ የተነቀለው ደግሞ ከማሳው ዳር አይጣልም፣ ይቃጠላል።