ዌርፎር «የት» ማለት አይደለም

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ፣ በወላጆች ቀን የእንግሊዝኛ ክበቡ ከሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» አንድ ትዕይንት አሳየን። ጁልየትን የምትጫወተው ልጅ ወንበር ላይ ቆማ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ፣ አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ እየቃኘች «ዌርፎር አርት ዛው ሮሚዮ?» (Wherefore art thou Romeo?) አለች። ሰው የጠፋባት ነበር የምትመስለው። ሁላችንም «ሮሚዮ፣ የት ነህ?» ማለቷ ነው ብለን ወደ ቤታችን ሄድን። ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ሲተረጉመው እሰማለሁ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዌርፎር የት ማለት ነው»

አይደለም። ለምን፣ ስለምን ማለት ነው። ማስረጃው እዚያው ትዕይንቱ ውስጥ አለ። ጁልየት ሮሚዮን እየፈለገችው አይደለም። እሱ እታች አትክልቱ ውስጥ ቆሞ እየሰማት መሆኑንም አታውቅም። ወዲያው አስከትላ «አባትህን ካድ፣ ስምህንም ተው» ትላለች። ቤተሰቦቻቸው ደመኞች ናቸው። የጨነቃት የወደደችው ልጅ የጠላት ልጅ ሆኖ መገኘቱ ነው። «ስለምን ሮሚዮ ሆንክ? ምነው ሌላ ሰው በሆንክ!» ነው የምትለው። «የት ነህ?» ካልነው ከዚያ በኋላ ስለ ስም የምትናገረው ሁሉ ትርጉም ያጣል። «ዛው» ደግሞ የድሮው «አንተ» ነው፤ አንቱ እና አንተ ለምንለይ ለኛ ቅርበቱ ወዲያው ይገባናል።

«ዌር የሚለው ውስጡ አለ እኮ»

አለ፤ ዌር ብቻውን ሲሆን የት ማለት ነው፤ እዚህ ግን ቦታ አይጠይቅም። በዚህ ዓይነት የድሮ ቃላት ውስጥ ዌር የ«ምን»ን ሥራ ነው የሚሠራው። ዌርፎር ለምን፣ ዌርባይ በምን። እኛ «ለ»ን ከ«ምን» ፊት እናስቀምጣለን፣ እነሱ «ፎር»ን ከኋላ ይቀጥላሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው። እኔ ይህን ካየሁ ወዲህ ቃሉ ተምታቶብኝ አያውቅም።

«ለጥያቄ ብቻ ነው የሚያገለግለው»

በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጎን ዘርግታችሁ የማቴዎስን ወንጌል ተመልከቱ። ጴጥሮስ ባሕሩ ላይ መስጠም ሲጀምር ጌታ ይዞት «ስለምን ተጠራጠርህ?» ይለዋል። ምዕራፍ 14 ቁጥር 31 ነው፤ እንግሊዝኛው ዌርፎር ይላል። ምዕራፍ 7 ቁጥር 20 ላይ ደግሞ «ስለዚህም ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» የሚለው በዚያው በዌርፎር ይጀምራል። አንዱ ቃል ስለምንም ስለዚህም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

«ተቃራኒ ቃል አለው»

የለውም። የ«ለምን» ተቃራኒ ምንድን ነው ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ዜርፎርን (therefore፣ ስለዚህ) በተቃራኒነት የሚሰጡ አሉ፤ እሱ ግን ለጥያቄው መልሱ ነው፣ ስለምን ለሚለው ስለዚህ እንደምንለው። በመልስነቱ ሲገባ እንዲያውም ዌርፎርና ዜርፎር ተመሳሳይ ይሆናሉ። በጥያቄነቱ የቅርብ ተመሳሳዩ ዋይ (why) ነው።

«ደብዳቤ ያሳምራል»

የሥራ ማመልከቻ ላይ ዌርፎር ብሎ የሚጽፍ ሰው ያሳዝነኛል፤ የደከመበት ደብዳቤ አንባቢውን ግር ያሰኛል። ዜርፎር ወይም ሶ (so) ይበቃል። በዕለት ተዕለት ንግግር ቃሉ የቀረው «ዘ ዋይስ ኤንድ ዌርፎርስ» በሚለው ፈሊጥ ውስጥ ነው፤ የነገሩ ምክንያት ከነዝርዝሩ ማለት ነው።

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን አሁንም በሕይወት አለ። የክስ ወረቀት መጨረሻ አካባቢ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ዌርፎር ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ይኖራል። እዚያ ስለዚህ ማለት ነው። ከሳሹ ዳኛውን የሚጠይቀው፣ ገንዘቡም ኪሳራውም፣ ከዚያ በታች ይዘረዘራል። እንዲህ ያለ ወረቀት ቤታችሁ ከደረሰ መጀመሪያ ያንን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።