«ይፎርማት» ከማለታችሁ በፊት፦ ዋይፋይ ስለሚቆራርጥ ላፕቶፕ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ ላይ ላፕቶፑ ዋይፋይ እየቆራረጠ ያስቸገረው ሰው ወደ ጥገና ሲወስደው የሚሰማው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ይፎርማት»። ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ከፍሎ ይረከባል። ሱቁ ውስጥ ሲሞከር ዋይፋዩ እንከን የለውም። አቶቴ ወይም ታቦር ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግን በዚያው ማታ ይቆረጣል። በመሃል የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሱቅ ሂሳብ ጠፍቷል። በጣም የሚያናድደው፣ ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት ሩብ ሰዓት በቂ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ መድረሱ ነው።

«ዋይፋይ ጠፋ» የሚለው አባባል ራሱ ያሳስታል። ዋይፋይ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው የአየር መንገድ ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው ፋይበር፣ የመዳብ መስመር ወይም ሲም ካርድ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲበላሹ ተጠቃሚው የሚያየው ያው የማይከፈት ገጽ ስለሆነ ይደባለቁበታል።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ክፈቱና አይፒኮንፊግ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ይሆናል። ሁለት መስኮት ከፍታችሁ በአንዱ ይህን አድራሻ፣ በሌላው 8.8.8.8ን (ከራውተሩ ወዲያ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ ነው) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ትንሽ መልእክት ላኩ፤ ሳያቋርጥ እንዲቀጥል መጨረሻው ላይ ክፍተት ትታችሁ ሰረዝና ቲ ጨምሩበት። ከዚያ ሥራችሁን ሥሩ። ሲቆረጥ መስኮቶቹን ተመልከቱ። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ ላፕቶፑ ደህና ነው፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ነው። ማንም ከባድ ፋይል ሳያወርድ የራውተሩ መልስ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች መሆን ሲገባው 300፣ 800 እያለ የሚዘል ከሆነ ሲግናሉ ደክሟል ወይም አየሩ ተጨናንቋል። በዚያው ቅጽበት ስልካችሁን የሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ ላፕቶፑ ካለበት ቦታ ላይ ሞክሩት። ስልኩም ከለቀቀ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የአየሩ ነው። ስልኩ ከሠራ ግን ላፕቶፑን መርምሩ።

«ቴሌ ነው» የሚባለው እውነት የሚሆነው የመጀመሪያው ውጤት ሲገኝ ብቻ ነው። «ፓኬጁን ከፍ ብናደርገው ይተዋል» የሚለውም እንዲሁ፤ ፍጥነት ሲጨምር የአየሩ ግንኙነት አይጠነክርም። «ቫይረስ ነው» ለሚሉት፦ ቫይረስ ብዙ ክፋት ይሠራል፣ ግን በር ሲዘጋ የሚለቅና በር ሲከፈት የሚመለስ ዋይፋይ የቫይረስ ሥራ አይደለም። የራውተሩ ስም መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል ካያችሁ ደግሞ የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ነው።

ወደ ፎርማቱ እንመለስ። ሰዎች የሚያምኑበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሠራ ስለሚመስል ነው። አንደኛው ምክንያት የሱቁ ራውተር ነው። ላፕቶፑ የሚፈተሸው ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ እዚያ ሲግናሉ 40 ዲቢኤም ከዜሮ በታች ቢሆን (ዲቢኤም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል)፣ ግቢው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ 78 ወይም 80 ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወደ 67 አካባቢ ደህና ይሠራል፤ 80 ሲደርስ መቆራረጥ የሚጠበቅ ነው። ሱቅ ውስጥ «ተስተካከለ» የተባለው ላፕቶፕ የተስተካከለው ለሁለት ሜትር ነው።

ሁለተኛው፣ ፎርማት ሲደረግ የኔትወርክ ቅንብሩና ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) አብረው ይታደሳሉ። ይህን ግን ዊንዶውስ ራሱ በአምስት ደቂቃ ያደርገዋል፤ አንድም ፋይል አይነካም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሪሴት። የተቀመጡ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችን ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ መዝግቧቸው።

ፎርማቱ የሚያባብስበት ጊዜም ብዙ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ለዋይፋይ ካርዱ አጠቃላይ የሆነ ድራይቨር ያገኝለታል፣ ወይም ባለሙያው ከፍላሽ ላይ ሁሉንም በአንዴ የሚጭን የድራይቨር ጥቅል ያፈስበታል። ለዚያ ሞዴል ተስተካክሎ ከፋብሪካ የመጣው ድራይቨር ሄደ ማለት ነው። በፊት በቀን ሁለቴ ይቆረጥ የነበረው በሰዓት ሁለቴ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ የላፕቶፑን ዕቃዎች በሚዘረዝርበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉ፣ የካርዱን ስም አንብቡ፤ ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም ይላል። ከዚያ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ኤችፒ ከሆነ ከኤችፒ፣ ዴል ከሆነ ከዴል፣ ሌኖቮ ከሆነ ከሌኖቮ ድረ ገጽ የዚያን ሞዴል የዋይፋይ ድራይቨር አውርዱ። ዋይፋዩ እየቆራረጠ እንዴት ይወርዳል ለምትሉ፣ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። መቆራረጡ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር ከሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ ድራይቨር በሉት።

ፎርማት ይጠቅም እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግር ፈተናም አለ። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ኡቡንቱን፣ አዘጋጁ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሱና ሳትጭኑ «ትራይ» በሚለው ግቡ። ዋይፋዩን እዚያው በሚለቅበት ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ተጠቀሙበት። እዚያም ከተቆረጠ ዊንዶውስን አሥር ጊዜ ብትፎርማቱት ለውጥ የለም፤ ችግሩ ዕቃው ወይም አየሩ ነው። ይህን ሳያደርግ «ሶፍትዌር ነው» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ዕቃው ነው ከተባለ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «ካርዱ ተቃጥሏል»። የተቃጠለ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዲቫይስ ማኔጀር ላይ ጨርሶ ይጠፋል። ራውተሩ አጠገብ ሙሉ ሲግናል አሳይቶ አንድ ግድግዳ ሲያልፍ የሚሞት ላፕቶፕ ግን ካርዱ ሳይሆን አንቴናው ነው የተነካው። የላፕቶፑን ሆድ ስትከፍቱ ከአንድ ብሎን በታች ትንሽ አራት ማዕዘን ካርድ ታያላችሁ፤ የተለመደው መጠን 22 በ30 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ቀጫጭን ገመዶች፣ አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ወይም ግራጫ፣ ጫፋቸው ላይ ባለች ክብ የብረት ቁልፍ ካርዱ ላይ ተጭነዋል። ገመዶቹ ከዚያ ተነስተው በማጠፊያው ውስጥ አልፈው ወደ ስክሪኑ ክዳን ይወጣሉ፤ አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ፣ ስክሪን የተቀየረለት፣ ወይም ፋኑ እንዲጸዳ የተከፈተ ላፕቶፕ ከዚያ በኋላ ዋይፋይ መቆራረጥ ከጀመረ አንዱ ገመድ ወልቋል ወይም ማጠፊያው ውስጥ ተቆርጧል ብላችሁ ተነሱ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ፤ ሲግናሉ ከክዳኑ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ተረጋገጠ።

የወለቀውን ለመመለስ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ክቧን ቁልፍ በትክክል ከቦታዋ በላይ አድርጋችሁ በጣት ጥፍር ወደ ታች ስትጫኑ ጠቅ ትላለች። ካላለች አልገባችም፤ አጣማችሁ ከገፋችሁ ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ይሰበራል። ስትነቅሉም ገመዱን አትጎትቱ፤ ከሥሯ በፕላስቲክ ስለት ወደ ላይ አንሷት። ማጠፊያው ውስጥ ለተቆረጠው ገመዱን ከነአንቴናው መቀየር ነው። ከሁለቱም በርካሽ መውጣት የፈለገ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ (ዶንግል) ይግዛ፤ ሁለቱንም ሞገድ፣ 2.4ንም 5 ጊጋኸርዝንም የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጥ።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» ማለትም ብዙ ጊዜ ምንም አልተደረገም ማለት ነው። ፋስት ስታርታፕ የበራ ዊንዶውስ ሻት ዳውን ሲባል የሥርዓቱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ ይመልሳል፤ የተደናበረው ድራይቨር እንደተደናበረ ይነሳል። ሪስታርት በሉ።

ያለ ሥራ ለጥቂት ደቂቃ ስትተዉት የሚለቅ ወይም ቻርጀሩ ሲነቀል የሚጀምረው ደግሞ ብልሽት ሳይሆን ቁጠባ ነው። በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ አለ፤ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ገጹ የሌለባቸው አዳዲስ ላፕቶፖች አሉ። ኮንትሮል ፓነል ላይ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ የሚለውን ካገኛችሁ ለባትሪም ለመብራትም ማክሲመም ፐርፎርማንስ አድርጉት።

«ሙሉ ሲግናል እያሳየኝ እንዴት ይቆረጣል?» ምልክቱ የሚለካው ራውተሩ ምን ያህል ጮኾ እንደሚሰማ ነው፤ በመካከሉ ምን ያህል ጫጫታ እንዳለ አይናገርም። ብዙዎች የማያውቁት የጫጫታ ምንጭ ላፕቶፑ ጎን ላይ የተሰካው ዩኤስቢ 3 ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ሃብ ነው። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፎበታል። ፊልም ከሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ ዋይፋዩ የሚሞት ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በረጅም ገመድ አርቁት ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ተሻገሩ። ማይክሮዌቭም በዚያው ሞገድ ነው የሚሠራው።

«ላፕቶፑ እየሠራ ነው፣ ስለዚህ መብራት አይደለም» የሚለው ለእኛ ከተማ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ሲል ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይሰማውም። ራውተሩ ግን ይጠፋል፣ ተመልሶ እስኪነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው የሚያየው ዋይፋይ መልቀቁን ብቻ ነው። ሲለቅ ዓይናችሁን ወደ ራውተሩ መብራቶች ጣሉ፤ ሁሉም ጠፍተው እንደገና ሲበሩ ካያችሁ ላፕቶፑን ተዉት። መፍትሔው ለራውተር የተሠራች፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምታቆየው ትንሽ ዩፒኤስ ናት። መብራት ሳይጠፋም የሚነሳ የሚወድቅ ራውተር ካለ አዳፕተሩን ከራውተሩ ሥር ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። 12 ቮልት 1 አምፒር የሚል ከሆነ አዳፕተሩም 12 ቮልት፣ አምፒሩም 1 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ 9 ቮልት «ሶኬቱ ገጥሟል» ተብሎ ሲሰካ ራውተሩ ይበራል፣ ሰው ሲበዛበት ደግሞ ይወድቃል።

በጋራ ግቢ ለሚኖሩ። ራውተሩ ትልቁ ቤት ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ፣ ተከራዩ ጓሮ ከሁለት ብሎኬት ግድግዳና ከብረት በር ጀርባ ሆኖ ሲቆረጥበት ላፕቶፑን ይወቅሳል። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ራውተሩን ወደ ጓሮ መስኮት አቅርቦ ከፍ ማድረግ ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል። ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ቻናሉን ከ1፣ 6 ወይም 11 አንዱ ላይ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉ። 5 ጊጋኸርዝን ከ36 እስከ 48 ባሉት ቻናሎች አስቀምጡ፤ ከ52 እስከ 144 ባሉት ላይ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቅቆ እንዲወጣ ይገደዳል፣ ላፕቶፑም አብሮ ይወድቃል። አከራዩ የተመዘገበ መሣሪያ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ራንደም ሃርድዌር አድረስስ የሚለውን አጥፉ፤ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ እንደ እንግዳ ይመልሳችኋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ላፕቶፑ ጥገና ከገባ፣ የፒንጉን ውጤትና የኡቡንቱውን ፈተና ለባለሙያው ንገሩት። ስትረከቡ ጠረጴዛው ላይ አትፈትሹት። ከሱቁ ውጡ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁሙ፣ ሱቁና እናንተ መካከል ቢያንስ አንድ ግድግዳ ይኑር፤ ፒንጉን ለአሥር ደቂቃ አስኪዱትና ከዚያ ክፈሉ።