ዕጣ ምንድን ነው?

ዕጣ ማለት የጋራ የሆነን ነገር ሲካፈሉ፣ የትኛው ድርሻ ለማን ይድረስ የሚለውን ከሰው እጅ ማውጣት ነው። ወሎ ውስጥ ከበዓል ቅርጫ እስከ ዕቁብ፣ ከዚያም አልፎ እስከ መሬት ድልድል ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። ብዙ ሰው «ዕጣ ያው ዕድል ነው» ብሎ ያልፈዋል። በእኛ እይታ ግን ዕጣ የሚከለክለው አድልዎን ብቻ ነው፤ ዕድልማ እንዳለ ይቀመጣል። ያ ዕድል ሰውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ወይም እንደሚጎዳ የሚወስነው ዕጣው ከመጣሉ በፊት የተሠራው ሥራ ነው።

ይህ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቅርጫ ላይ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ እርድ ይካፈላል፣ የአከፋፈሉ ሥርዓት ግን አንድ ነው። በሬው የ12 ሰው ከሆነ ቅጠል ወይም ሸራ ተነጥፎ 12 መደብ ይወጣል። ሥጋው በጅምላ አይከመርም፤ ብልት በብልት ነው የሚሄደው። ሽንጡ ለ12 ተቆርጦ ለየመደቡ ይታደላል፣ ታላቅና ታናሽ የሚባሉት ብልቶች ይከተላሉ፣ ከዚያ ዳቢቱ፣ ጎድኑ፣ ወርቹ፣ መጨረሻ ላይ ጉበቱና ጨጓራው። ጉበት ትንሽ ስለሆነች ለጠብ የምትመች እሷ ናት፤ ጣት የምታህል ብትሆንም ለሁሉም መድረስ አለባት። የሚቆርጠው ሰው ሲጨርስ ቆም ብሎ መደቦቹን ያያል፣ ካስቀረው ላይ ላነሰው ጣል ያደርጋል። ግማሽ መደብ የገቡ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ይቆጠሩና በኋላ በመሃላቸው ሌላ ዕጣ ይጣጣላሉ። ቆዳው ተሸጦ ከወጪው ይቀነሳል።

ዕጣው ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተካፋይ የሚያውቀውን ዕቃ ያዋጣል፤ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ መቁጠሪያ፣ የተሰበረ ስንጥር፣ ያገኘውን። ዕቃው ሲሰበሰብ ዞር ብሎ የነበረ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ይጠራና አንድ አንዱን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። አጥንት የበዛበት መደብ ለዓይን ስለሚገዝፍ ማስተካከያው ለማይገባው ይሄዳል፤ ስለዚህ አጥንቱም እንደ አንድ ብልት ለብቻው መታደል አለበት። ቆራጩ ተካፋይ ሆኖ ዕጣውንም ራሱ ከጣለው፣ ታማኝ ቢሆን እንኳ ማንም አያምነውም። ልጁ የአባቱን ቁልፍ ካወቀማ አለቀ፣ ሌላ ልጅ ይፈለጋል። የዕቃው ቁጥርና የመደቡ ቁጥር ካልገጠመ ሁሉም ተነሥቶ እንደገና ይጣላል። ከገጠመ በኋላ ግን «የኔ አነሰ» የሚል ሰው አይሰማም፤ አቤቱታው መደቡ ሲወጣ ነበር መቅረብ የነበረበት።

ቅርጫ ላይ ዕድል ቢከፋ ቢከፋ የአንድ ቀን ወጥ ነው የሚያሳጣው። ዕቁብ ላይ ግን የሚከፋፈለው ጊዜ ነው። ባቲ ገበያዋ ሰኞ ስለሆነ ነጋዴዎች በየሰኞው ይጥላሉ እንበል፤ 20 ሰው፣ 1,000 ብር። በየሳምንቱ 20,000 ብር ይወጣል፣ በ20 ሳምንት ያልቃል። ሁሉም 20,000 አስገብቶ 20,000 ይወስዳል፤ ወረቀት ላይ ልዩነት የለም። ይሁንና በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ያለ ወለድ የሰው ገንዘብ ይዞ ፍየል ይገዛል፣ ያተርፋል፣ ከትርፉ ይከፍላል። በ20ኛው ሳምንት የደረሰው ሲቆጥብ ነው የከረመው፣ ያውም ዕቃ በተወደደበት። ዕቁብ ዋስ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያው በልቶ ቢጠፋ የመጨረሻው ከሳሪ ይሆናል። ዋስ ያላመጣ ቢደርሰውም ገንዘቡ ገንዘብ ያዡ ጋ ይቆያል። ብዙ ዕቁብ የመጀመሪያውን ለዳኛው፣ ማለት ለዕቁቡ ሰብሳቢ፣ ይሰጣል፤ ሐዘን ወይም ሕመም የገጠመው አባል ደግሞ ለምኖ ተራውን ያስቀድማል። ዕጣውን ለሌላ አሳልፎ የሚሸጥም አለ፣ ከገዢው የሚገኘውን ጭማሪ እንደ ወለድ የሚያዩት ሰዎች ግን አይነኩትም።

ወለድ ሲነሣ የሃይማኖቱ ነገር ይመጣል። ሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ቁማርንና በቀስት ዕጣ መጠንቆልን ይከለክላል፤ ነቢዩ ግን ለጉዞ ሲነሡ ከሚስቶቻቸው የትኛዋ አብራ እንደምትሄድ በዕጣ ይለዩ ነበር። በክርስትናውም ማትያስ ከሐዋርያት የተቆጠረው ዕጣ ወጥቶለት ነው። በተከለከለው ቁማርና በዕጣ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፦ ቅርጫ ላይ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። ቁማር ላይ አንዱ የሌላውን ይወስዳል።

ዋናው ግን መሬት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ዕጣ የዕድሜ ልክ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ አለ፤ በወሎ ደጋ ግን ጣሪያው ድረስ የሚሰጥ መሬት ከየት ተገኝቶ! ድልድል ሲካሄድ ኮሚቴ መሬቱን ለም፣ መካከለኛ፣ ጠፍ ብሎ ይመድብ፣ በገመድ ይለካ፣ ገበሬውም ከየዓይነቱ በዕጣ ይደርሰው ነበር። ይህ ቅርጫው ላይ ያየነው ብልት በብልት ማደል ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የአንድ ሰው ማሳ ሦስትና አራት ቦታ ይበታተናል፣ በሬ ነድቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ቀኑ ይባክናል። በአንጻሩ በረዶ አንዱን ማሳ ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

ምደባው ራሱም ሙሉ አይደለም። ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት ክረምቱ ሲበረታ ውሃ ያቁርና እህሉን ያቢጫል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ደግሞ እርጥበት ስለሚይዝ ከቀላሉ መሬት ይሻላል። ደላንታን በመሰለ በልግ በሚዘራበት ደጋም በልጉ ከቀረ «ለም» የተባለው ባዶውን ይውላል።

ከምደባው ሌላ ስሕተት የሚገባው መዝገቡ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው፣ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም በመረጃው ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ ነበር። ገጠር ላይም ጠቡ ያለው ማን ቤተሰብ ተብሎ ተቆጠረ፣ የተፈታችው ሴት ተመዘገበች ወይ፣ የትኛው ማሳ ለም ተባለ የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ ዕጣ ሳይወጣ በአደባባይ ይነበብ።

ከሁሉም የሚከብደው መዝገቡ ሲዘጋ ያልደረሰው ልጅ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ሰፊ ድልድል ስላልተደረገ፣ ታላቅ ወንድም ጎጆ ወጥቶ ስለነበር ሁለት ጥማድ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ሲያገኝ ታናሹ በጥቂት ዓመት አንሶ ምንም አላገኘም። እሱ የሰው መሬት በእኩል (ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ተካፍሎ) ያርሳል፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይም በአፋር በኩል ዐረብ አገር ይሄዳል። ወላጅ ሲሞት ልጆቹ የቀረውን እንደገና በዕጣ ይካፈላሉ። ግማሽ ጥማድ ለአራት ሲሆን ግን የሚመጣጠን መደብ አይወጣውም፤ ያኔ ሽማግሌ ዕጣውን ያስቀርና አንዱ እንዲያርስ፣ ለሌሎቹ ከምርቱ እንዲሰፍርላቸው ያስማማል።