ደሴና ኮምቦልቻ፦ ከሌላ አገር የመጣ ሰው በሁለቱ ከተሞች እንዴት ይሰፍራል

ደሴና ኮምቦልቻ ደቡብ ወሎ ውስጥ በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚራራቁ ሁለት ትልልቅ ከተሞች ናቸው። መሀላቸው ያለው ነገር የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ተጣብቃ የተቀመጠች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ደሞ ከዛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቦርከናን ይዛ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ልዩነቱን መንገድ ላይ ያየዋል፤ ሲነሳ መስኮት ክፈቱልን እያለ የነበረው ሰውዬ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሲደርስ እሱ ራሱ ዝጉት ይላል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ደሴ ሲገባ ሁሉም ተሸፋፍኗል።

ይሄን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም፣ የሰው አሰፋፈርም የተለያየው መጀመሪያ በዚሁ በመሬቱ ምክንያት ስለሆነ ነው። ደሴ ቦታ የላትም። የመጣ ሰው የግድ ቀድሞ ከሰፈረው ሰው ጎን፣ እዛው ግቢ ውስጥ፣ አጥር ተጋርቶ ነው የሚገባው። ኮምቦልቻ ሜዳ ስላላት የመጣ ሰው ሥራው ያለበት ቦታ አጠገብ አዲስ ቤት ሠርቶ ወይ አዲስ ከተሠራ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ባጭሩ ደሴ ሰውን በሰፈር ስትቀበል ኮምቦልቻ በሥራ ትቀበላለች። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ አዳልቼ ሊሆን ይችላል፣ ኮምቦልቾች እኛም ሰፈር አለን ማለታቸው አይቀርም፣ እውነት ነው አላቸው።

"መጤ" የሚለው ቃል ዱሮ ዝም ብሎ የመጣ ሰው ማለት ነበር፣ አሁን ግን ስድብ ሆኗል። ስለዚህ እዚህ ጽሁፍ ላይ አልጠቀምበትም። ወሎ ውስጥ "እንግዳ" ነው የሚባለው፣ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም።

ደሴ እንዴት የሰው መሰብሰቢያ ሆነች

ስሟን ያወጡት አጼ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፣ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ደስ ስላላቸው ደሴ አሏት ይባላል፣ ይሄን የሚጠራጠር ሰው ደሴ ውስጥ ብዙም አይገኝም። ከተማ ያደረጓት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ሚካኤል የቀድሞ ስማቸው መሐመድ አሊ ነው፤ በ1870 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነስተው ራስ ሆኑ፣ በ1906 ደሞ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ አነገሳቸው። ቤተ መንግሥት ባለበት ወታደር አለ፣ ወታደር ባለበት ገበያ አለ፣ ገበያ ባለበት ደሞ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ስሙም ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ ማንም ሳይጠየፍ ግብር የሚበላበት ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም ይሄኛውን ነው የምቀበለው፣ ለደሴ የሚስማማት እሱ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ሚካኤል ሲሸነፉ ዙፋኑ ወደቀ፣ ገበያው ግን አልወደቀም።

የሰፈሮቹን ስም ያየ ሰው ታሪኩን ያገኘዋል። ሸዋ በር የሸዋ መግቢያና መውጫ ነው። ሰኞ ገበያ በገበያ ቀኑ ተጠራ። ፒያሳ ከጣሊያን ቀረ። የሁሉ ቁንጮ ግን አረብ ገንዳ ነው፦ ገንዳ በኦሮምኛ መንደር ማለት ነው፣ እንግዲህ የአረብ ነጋዴዎች የሰፈሩበትን ቦታ በኦሮምኛ ቃል ሰይሞ በአማርኛ የሚጠራ ከተማ ነው ያለን። ከዚህ በላይ ወሎን የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

እነዚህ አረቦች ባብዛኛው የመናውያን ናቸው። በአሰብ በኩል የገቡ፣ ሲመጡ ብዙዎቹ ላጤ የሆኑ ወንዶች፣ ስኳር ላምባና ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቆዳና ሌጦ የሚገዙ። የአረብ ሱቅ በመላ አገሪቱ የታወቀው አመሻሽቶ በመዝጋቱ፣ ሩብ ኪሎም ቢሆን ቆንጥሮ በመሸጡና ዱቤ በመስጠቱ ነው፣ ደሴም ላይ እንደዛው። ያገቡት ደሞ የአገሩን ሴት ነው። ልጆቹ የመን ሲሄዱ "ሙወለድ" ተብለው እንደ ውጪ ሰው ይታያሉ፣ እዚህ "የአረቡ ልጅ" ይባላሉ፣ የእናታቸው ዘመድ ግን በየቀበሌው ስላለ ማንም እንግዳ ብሎ የሚጠራቸው የለም። ደርግ ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ንግዱም ሲጨናነቅ ብዙዎቹ ተመልሰው ሄዱ። ስሙና መስጂዱ ቀረ። አንድ ሱቅ አለ እዛ ሰፈር፣ ልጅ ሆኜ እናቴ ስኳር ትልከኝ የነበረበት፣ መደርደሪያው የጥንቱ ጣውላ ነው፣ ሚዛኑ የብረት ድንጋይ ያለው፤ አሁን ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው የልጅ ልጅ አረብኛ የሚችለው ቁርአን ቤት የተማረውን ያህል ነው፣ ሲናደድ ግን ከማንኛችንም በላይ የጠራ የደሴ አማርኛ ይወጣዋል።

ጥቂት አርመንና ግሪክ ነጋዴዎችም ነበሩ። ጉራጌዎች በሱቅና በሆቴል፣ ትግሬዎች ከሰሜን በመጣው መንገድ ገብተዋል። ከወሎ ውስጥ ደሞ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከቦረና፣ ከሳይንት የሚመጣው ደገኛ ከሁሉም ይበዛል። ይሄኛው ግን ከሌላ አገር እንደመጣ አይቆጠርም፣ የሚገባውም ዘመድ ቤት ነው። ሌላው የሚመጣው ለትምህርት ነው፤ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት (በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት የተሰየመው፣ እኔም የወጣሁበት) ከየአውራጃው ተማሪ እየሰበሰበ ስንቱን ደሴ ላይ እንዳስቀረ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ጣሊያንና ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ስሟ ከኦሮምኛ ነው፣ የዛፍ ስም ነው ይባላል። ከጣሊያን በፊት የነበረው የቃሉ ገጠርና ገበያ ነው።

ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ ደሴ ነበሩ፣ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ሳይቀር ተመቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ከተማዋን ያዘ። ከዛ በኋላ የሠራው ነገር ነው ሁለቱን ከተሞች ለዘላለም የለያቸው፣ መንገድ ነው የሠራው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደውና ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ የሚገናኙት ደሴ ላይ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ለምን ቢባል ሜዳው እዛ ነው ያለው፣ ከባድ መኪና ሐረጎን ሳይወጣ ሊያርፍ፣ ሊጠገን፣ ነዳጅ ሊቀዳ የሚችለው እዛ ነው። ስለዚህ ሹሙና ቢሮው ደሴ ሲቀር ጋራዡና ሾፌሩ ኮምቦልቻ ገባ። ጣሊያኖቹ በአዋጅ ነጭን ከአገሬው ለይተው ለማስፈር ይሞክሩ ነበር፤ ደሴ ላይ ያ ነገር ከመሬቱ ጥበት ጋር እንዴት ይሄዳል፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ ነው ያለው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካውያኑ፣ የኮምቦልቻን በር ሰብረው ደሴ ሲገቡ ዘመኑ አለቀ። የቀሩት ጥቂት ጣሊያኖች መካኒክ ናቸው። ዛሬም ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ማርቼ የሚል ቃል ያለበት ሁሉ የነሱ እጅ አለበት። ጎሚስታው ሰውዬ ግን የቃሉ ልጅ ነው።

ከዛ እስከ 1990 ድረስ የኮምቦልቻ ዘመን የአሰብ ዘመን ነው። አብዛኛው የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በአሰብ ሲገባ ቦቴውና ተሳቢው በኮምቦልቻ ነው የሚያልፈው፣ ከሾፌሩ ጋር ረዳቱ፣ ከረዳቱ ጋር ምግብ ቤቱ፣ ከምግብ ቤቱ ጋር አልጋ ቤቱ መጣ። ትግርኛ ተናጋሪ፣ ጉራጌ፣ ሸዌ፣ አፋር ከነግመሉ፣ አርጎባ ከነሽመናው። አሰፋፈራቸው በመንገዱ ዳርና ዳር ነው፣ በዘር አይደለም፣ የባቲ መንገድ ሰው የባቲ መንገድ ሰው ነው። የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ ከየከተማው ኤርትራዊ ተብለው የተባረሩ ሰዎች ቤታቸውን ቆልፈው ሄዱ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኮምቦልቻ ግን በሚሌ በኩል አሁንም መንገድ ላይ ስለሆነች አልሞተችም፣ ደረቅ ወደብም ተሠራላት።

የደርግ ጊዜ ፋብሪካ ተክሎ፣ በ1977 ድርቅ ደሞ ወደ 600 ሺህ ከሚጠጋው ሰፋሪ አብዛኛውን ከወሎ አንስቶ ወለጋና ኢሉባቦር፣ መተከልም የወሰደበት ጊዜ ነው።

ከቅሬ እስከ ኪራይ ቤት

አዲስ አበባ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ደሴ ላይ ሰው የሰፈር ሰው ሆነ የሚባለው ቅሬ ሲገባ ነው። ቅሬው ብዙ ሰፈር ላይ እስላምና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ለመጣ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ከየት መጣህ አይደለም፣ የቱን ሥጋ ትበላለህ ነው። ሠርግም ሐዘንም ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። አንድ የጉራጌ ነጋዴ ጎረቤታችን ነበሩ፣ በመጡ በሳምንታቸው አንድ ሰው ሞተና ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዘው ወጡ፣ እናቴ "በቃ እኚህ የኛ ናቸው" አለች፣ ስማቸውን እንኳን ገና አላወቀችውም።

ኮምቦልቻም ቅሬ አለ፣ ግን ሰዉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ጎን ለጎን ሌላ ነገር ይሠራል፦ የፋብሪካ እቁብ፣ የሾፌር ማህበር፣ የአገር ልጅ መረዳጃ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው (አብዛኛው ነዋሪ እስላም በሆነበት ከተማ ቢራ ፋብሪካ፣ ያው ኮምቦልቻ ናት) ሠራተኛውን በየበራቸው ሰብስበዋል። ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደሞ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች መጡ። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ ልብስ፣ የሥራ ፈረቃቸው ስለሚለያይ አልጋውም በፈረቃ ነው፣ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። ብዙዎቹ አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ወይ አገራቸው ይገባሉ ወይ አረብ አገር ይሄዳሉ። ለኔ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው የሚጠራው፣ ደሴ የመጣችዋ ልጅ አክስት ቤት ገብታ ሳህን ታጥባለች፣ ኮምቦልቻ የመጣችዋ ነጻ ናት ግን ብትታመም የሚያስታምማት እንደሷ የመጣች ልጅ ናት።

ቁጥሩም ይሄንኑ ያሳያል። በ1987 ቆጠራ ደሴ 97,314፣ ኮምቦልቻ 39,466 ሰው ነበራቸው። በ1999 ቆጠራ ከተማው ብቻ ሲቆጠር ደሴ 120,095፣ ኮምቦልቻ 58,667 ሆኑ። ደሴ ሩብ ያህል እንኳ ሳታድግ ኮምቦልቻ ግማሽ ያህል ጨመረች፣ ደስ ባይለኝም።

በ2000 የተከፈተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ፣ ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ሆነ፣ ከዛ ወዲህ ከየክልሉ የመጣ መምህርና ተማሪ ሁለቱም ጋር አለ።

የሚሄደው፣ የሚመለሰውና የተፈናቀለው

ዱሮ አረብ ወደኛ ይመጣ ነበር፣ አሁን የኛ ልጅ ነው በአፋር በረሃ ወደ አረብ የሚሄደው። ሳዑዲ በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ከወሎ የሄደው ብዙ ነበር። ሐዋላ የሠራው ቤት የሚበዛው ኮምቦልቻ ነው፣ ምክንያቱም ቦታ አለ፤ ባለቤቱ ጅዳ ሆኖ ግቢውን የሚጠብቅ ዘመድ ብቻ ያለበት ፎቅ ብዙ ነው።

በ1977 ወለጋ የሰፈረው ወሎዬ ልጆች ወልዶ ካበቃ በኋላ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተፈናቀለ ተመልሷል። ሐይቅ ከተማ ያለው ቱርክ ካምፕ የሚባለው መጠለያ ብዙ እንደዚህ ያለ ሰው አስጠልሏል። በ2013 ክረምት የሰሜኑን ጦርነት ፈርቶ ከራያና ከወልዲያ የሸሸው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሞላ፣ የማያውቀውን ቤተሰብ ሳሎኑ ላይ ያስተኛ ሰው ብዙ ነው፣ እኛ ቤት አስራ አንድ ሰው ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደሞ አስተናጋጁና እንግዳው አብረው ወደ ደቡብ ሸሹ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ መጀመሪያ የተመለሱት የደሴ ሰዎች ናቸው የሚል አለ፣ ኮምቦልቾች ደሞ እኛ ነን ይላሉ። እኛ ስንመለስ በሩ ተሰብሮ ነበር፣ ከቆቦ ሸሽተው እኛ ቤት ያረፉት ሰዎች ፍራሽ ግን እዛው ሳሎኑ ላይ እንደተነጠፈ ነበር።