የበርሊን ሰፈሮች፦ ቤት ለሚፈልግ ሰው

በርሊን 12 ክፍለ ከተማ አላት፣ ግን ቤት ለሚፈልግ ሰው የ12ቱን ስም መሸምደድ ያን ያህል አይጠቅምም። አንዱ ክፍለ ከተማ ብቻውን ትልቅ ከተማ ያክላል። ፓንኮን ውሰዱ፣ ከ400 ሺህ ሰው በላይ ይኖርበታል፣ በአንድ በኩል ፕሬንስላወር ቤርግ አለ በካፌና በህጻን ጋሪ የተጨናነቀ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብላንከንፌልደ አለ እርሻ የሚታይበት። ወረቀት ላይ ሁለቱም ፓንኮ ናቸው፣ ቦሌ መድኃኔዓለምም ቦሌ አራብሳም ቦሌ እንደሚባሉት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ የተምታታው እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያለውም አመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የነበሩት 23 ክፍለ ከተሞች ወደ 12 ሲጠቀለሉ ነው። ከተማዋ በግንብ ምስራቅና ምዕራብ ተብላ ተከፍላ ሳለ ክሮይትስበርግ የምዕራብ ፍሪድሪክስሀይን የምስራቅ ነበሩ፣ መሀላቸው የሽፕሬ ወንዝ አለ፣ አሁን አንድ ክፍለ ከተማ ናቸው። ሚተ ደግሞ ቬዲንግንና ቲርጋርተንን ጠቅልሎ ያዘ፣ ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ "በርሊን ሚተ" የሚል ቤት ብራንደንቡርግ በር አጠገብም ሊሆን ይችላል ሰሜን ጫፍ ሶልዲነር ሽትራሰ ላይም ሊሆን ይችላል፣ አከራዩ ደግሞ አይዋሽም፣ ሁለቱም ሚተ ነው። ኖይኮልንም እንደዛው፣ ሰሜኑ ዞነንአለ የሚባለው መንገድ፣ የአረብ ጣፋጭ ቤት በጣፋጭ ቤት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ፣ ደቡቡ ሩዶ ግቢ ያለው ቤት፣ አጥር፣ ጸጥታ።

ከዛ በፊት ደግሞ የ1920 ታሪክ አለ። በዛ አመት በርሊን ሌሎች 7 ከተሞችን፣ 59 የገጠር ቀበሌዎችንና 27 የመሬት ይዞታዎችን ዋጠች። ሻርሎተንቡርግ፣ ሽፓንዳው፣ ኮፔኒክ ሁሉም የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት የነበራቸው ከተሞች ናቸው። ለዚህ ነው ይቺ ከተማ አንድ መሀል የሌላት፣ ሽፓንዳው የሚኖር ሰው ገበያውም ሀኪሙም እዛው ነው፣ ሽማግሌዎቹማ አሁንም ወደ መሀል ሲሄዱ "በርሊን ልሄድ ነው" ይላሉ፣ ሽፓንዳው በጽሁፍ የተጠቀሰችው በ1197 ነው ከበርሊን ቀድማ፣ ኩራቱ አልወጣላቸውም።

ከ1961 እስከ 1989 የቆመው ግንብም አሻራው አለ። ምዕራቡ ትራሙን በ1967 ዘጋ፣ ምስራቁ አልዘጋም፣ ስለዚህ ዛሬም ትራም በብዛት የሚታየው በምስራቅ በኩል ነው፣ ወደ ምዕራብ የገባው ጥቂት መስመር ነው፣ ሞአቢት እንኳን ያገኘው በ2023 ነው። ሰው ፎቅ በፎቅ ሰፈር የምስራቅ ብቻ ይመስለዋል ግን ማርሳንና ሄለርስዶርፍ እንዳሉ ሁሉ በምዕራብም ግሮፒዩስሽታትና ሜርኪሸስ ፊርተል አሉ። በኔ እይታ ማርሳን ያለ አግባብ ስሙ ጠፍቷል። ኤስባን (የከተማ ባቡር) 7 ሳትቀይሩ አሌክሳንደርፕላትስ ያደርሳችኋል፣ ከሄለርስዶርፍ ደግሞ ኡባን (የምድር ውስጥ ባቡር) 5 በ2020 መጨረሻ ከተራዘመ ወዲህ ዋናው ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሄዳል። ሜርኪሸስ ፊርተል ግን ያን ሁሉ ህዝብ ይዞ ኡባን መሀሉ አይገባም፣ አውቶብስ ይዛችሁ ቪተናው ጣቢያ መሄድ ነው፣ ክረምት ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰፈር ስታጣሩ መጀመሪያ ሪንጉን እወቁ። ሪንግባን የሚባለው መሀል ከተማውን የሚከበው 37 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ነው፣ 41 ቁጥር ባቡር በሰአት አቅጣጫ 42 በተቃራኒው ይዞራል፣ ሙሉ ዙሩ አንድ ሰአት ይፈጃል። ከሪንጉ ውስጥ የትኬት ዞን ኤ ነው፣ ከሪንጉ እስከ ከተማው ድንበር ቢ፣ ከዛ ውጪ ሲ፣ ፖትስዳምና ኤርፖርቱ ሲ ናቸው። ቤት ፈላጊ ሁሉ ሪንግ ውስጥ ካልሆነ ብሎ ይጋፋል። ከሪንጉ ወጣ ብሎ ኡባን ጣቢያ አጠገብ የሆነ ቤት ግን፣ ሪንግ ውስጥ ሆኖ ሁለት አውቶብስ ከሚያስይዝ ቤት ይሻላል። የአውሮፕላን ድምጽም ቦታ ቀይሯል፣ ቴግል ኤርፖርት በ2020 ከተዘጋ ወዲህ ራይኒከንዶርፍና ፓንኮ ጸጥ ብለዋል፣ አሁን ጆሮው የሚያዝነው ደቡብ ምስራቅ ቦንስዶርፍ አካባቢ ያለ ሰው ነው።

ቤት የጠፋበት ምክንያት ደግሞ ያረፈ ሰው ስለማይነሳ ነው። ኮንትራቱ አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ገደብ የለውም፣ አከራዩ ተራ ኮንትራት ላይ በሶስት አመት ከ15 ፐርሰንት በላይ መጨመር አይችልም፣ ስለዚህ ድሮ የገባ ሰው በትንሽ ኪራይ ይኖራል፣ አዲስ መጪው ደግሞ እዛው ፎቅ ላይ በጣም የተወደደውን ይከፍላል። ማስታወቂያው ላይ ካልትሚተ የሚለው ባዶ ኪራዩ ነው፣ ማሞቂያና ውሃ ሲጨመርበት ቫርምሚተ ይሆናል፣ መብራትና ኢንተርኔት ግን ብዙ ጊዜ ከዛም ውጪ ነው። መያዣው ከሶስት ወር ካልትሚተ አይበልጥም፣ በሶስት ጊዜ ከፍሎ መክፈልም መብት ነው። ደላላ ካለ ከ2015 ጀምሮ የሚከፍለው የቀጠረው ሰው ነው፣ ቤቱን ሳታዩ ብር ላኩ የሚል ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት። ባለሁለት ክፍል ሲባል ሳሎኑ ይቆጠራል፣ እና ኩሽናው ባዶ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፣ የወጣው ሰው ምድጃውንም ቁምሳጥኑንም ነቅሎ ይሄዳል። የድሮ ህንጻ ላይ የጓሮው ቤት አንደኛ ፎቅ ቀን በቀን መብራት ያስበራል፣ ያው ርካሽ የሆነውም ለዛ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር፣ አድራሻ ላይ የቤት ቁጥር የለም፣ የመንገዱ ስምና የህንጻው ቁጥር ብቻ ነው። ፖስተኛው የሚፈልገው ስማችሁን ነው፣ ደወሉና የፖስታ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ደብዳቤው ተመልሶ ይሄዳል፣ የመንግስት ቀጠሮ ደግሞ በደብዳቤ ነው የሚመጣው። ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ብዙ ሀበሻ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም በ14 ቀን ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ አለ፣ ለዛ ደግሞ ቤት የሰጠው ሰው የፈረመው ወረቀት ያስፈልጋል። ምዝገባው ራሱ የትኛውም ክፍለ ከተማ ቢሮ ይሆናል፣ ሽፓንዳው ቀጠሮ ካገኛችሁ ኖይኮልን ብትኖሩም ሂዱ።

ልጅ ላለው ሰው ግን አድራሻው ይወስናል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰፈር ነው የሚመደበው፣ በርሊን ላይ ደግሞ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፣ አብዛኛው የጀርመን ግዛት 4 ላይ ሲያበቃ። መዋእለ ህጻናትም ከ2018 ጀምሮ ለሁሉም እድሜ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ የምግብ ብቻ ይከፈላል። ኪራይ ሸሽታችሁ በኤስባን በርናው ወይ ኦራንየንቡርግ ብትወጡ ግን ያ ሌላ ግዛት ነው፣ ብራንደንቡርግ፣ የመዋእለ ህጻናቱም ህግ ይለያል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የቦታ ገደብ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ኮንትራት ከመፈረሙ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን መጠየቅ አለበት።