ቀውስና የአውሮፓ ኅብረት ፖለቲካ

የአውሮፓ ኅብረት ከፊል ሥልጣናቸውን ለጋራ ተቋማት ሰጥተው ቀሪውን በእጃቸው ያቆዩ 27 አገራት የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው። በደህናው ጊዜ ሕግ የሚወጣው ሕግ በሚያረቀው አስፈጻሚ አካል በኮሚሽኑ፣ በአውሮፓ ፓርላማና በሚኒስትሮች ምክር ቤት መካከል በሚደረግ አዝጋሚ ድርድር ነው፤ ቀውስ ሲመጣ ግን ጉዳዩ ወደ መሪዎቹ ጉባኤ ይወጣል፤ ለጊዜው ተብሎ የተዘየደው መላም ብዙውን ጊዜ ቋሚ ሆኖ ይቀራል።

ዋነኛው ማሳያ የዩሮ ዕዳ ቀውስ ነው። በኦክቶበር 2009 (እ.ኤ.አ.) አዲሱ የግሪክ መንግሥት የበጀት ጉድለቱ ቀደም ሲል ከተነገረው እጅግ እንደሚበልጥ ይፋ ሲያደርግ፣ በኅብረቱ ውል ውስጥ አንዱ አገር የሌላውን ዕዳ እንዳይሸከም የሚከለክል አንቀጽ ነበር። ያም ሆኖ በ2010 የዩሮ አገራትና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለግሪክ 110 ቢሊዮን ዩሮ ለማበደር ተስማሙ፤ በ2012 ደግሞ 500 ቢሊዮን ዩሮ የማበደር አቅም ያለው ቋሚ ተቋም፣ ከኅብረቱ ውል ውጭ በተፈረመ ስምምነት ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ጁላይ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ዩሮን ለማዳን ባንኩ በሥልጣኑ ክልል የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያደርግ ለንደን ላይ ተናገሩ። ገበያውን ከመሪዎቹ ተደጋጋሚ ጉባኤዎች ይልቅ ያረጋጋው በሕዝብ ድምፅ ያልተመረጡት የእኚህ ሰው ንግግር መሆኑ፣ ሥልጣን ወዴት እንደሸሸ ያሳያል።

ሒሳቡ የተወራረደው በየአገሩ ምርጫ ነው። በጁላይ 5 ቀን 2015 ከግሪክ መራጮች 61 በመቶ ያህሉ የአበዳሪዎችን ቅድመ ሁኔታ ውድቅ አደረጉ፤ ሳምንት እንዳለፈ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲስ ሲፕራስ ብራስልስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከዘለቀ ድርድር በኋላ ከዚያ የማይቀል ግዴታ ተቀብለው ወጡ። በጀርመን ደግሞ የብድሩ ተቃዋሚዎች በ2013 ያቋቋሙት «አማራጭ ለጀርመን» ፓርቲ ከ2015 የስደተኞች ፍልሰት ወዲህ ዋና አጀንዳውን ስደት አደረገ።

በኮቪድ ወቅት የጀርመን መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ለዓመታት ሲቃወሙት የኖሩት የጋራ ብድር (አገራቱ በኅብረቱ ስም አብረው የሚበደሩት) ተፈቀደ። በጁላይ 2020 ኔዘርላንድስ፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ባነሱት ክርክር ለሁለት ቀን የታሰበው ጉባኤ እስከ አምስተኛው ቀን ንጋት ዘለቀ፤ በጋራ ለመበደር ከጸደቀው 750 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ የማይመለሰው ድጎማ ከታቀደው 500 ቢሊዮን ወደ 390 ወረደ።

ሙሉ ስምምነት የግድ በሚልበት ጉዳይ ግን አንድ አገር ሁሉንም ሊያስቆም ይችላል። በዲሴምበር 2023 ከዩክሬን ጋር የአባልነት ድርድር ሲወሰን የወቅቱ የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን ከአዳራሹ ወጥተው 26ቱ ወሰኑ፤ ያንኑ ሌሊት ግን ኦርባን ለዩክሬን የታሰበውን 50 ቢሊዮን ዩሮ አገዱ፤ ገንዘቡ የተፈቀደው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 በተጠራ ልዩ ጉባኤ ነው።